መሬት የሌለው ቤት

ውሻችን አይናከስም። ይህን ለእንግዳ ሁሉ የምናገረው እኔ ነኝ፤ ሰው በራችን ላይ ሲደርስ ውሻውን አይቶ ይቆማላ። «ግቡ፣ ግቡ፣ እሱ ምንም አይልም» እላለሁ፤ «ብቻ ግድግዳውን እንዳትነኩ።» እንግዳው አንድ ጊዜ ውሻውን፣ አንድ ጊዜ እኔን ያያል። ከዚያ እጁን ኪሱ ከትቶ ይገባል።

የወላጆቼ ቤት ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ የጉናን ተራራ ፊት ለፊት እያየ ነው የተሠራው። ዋናው ቤት የጭቃ ነው። ጭቃው ጨዋ ነው፣ ማንንም ነክቶ አያውቅም። ጉዱ ያለው ማድ ቤቱ ጋ ነው። ማድ ቤቱ ዙሪያውን ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮው ደግሞ ይነዝራል። በበጋ እንደ ጉንዳን ቆንጠጥ አድርጎ ይለቃል። ክረምት ገብቶ ሲርስማ አያድርስ ነው።

እንዴት እንዲህ ሆነ ብትሉ፣ ከፍቅር የተነሳ ነው። መብራት ወደ ሰፈራችን የገባ ጊዜ የመብራት ሰዎች ቆጣሪውን ሰቅለው ሄዱ። ከቆጣሪው ወደ ውስጥ ያለውን የዘረጉት አባቴና ጎረቤታችን አያ ታከለ ናቸው። አብሮ አደግ ናቸው። አብረው ያላረሱት፣ አብረው ያላጨዱት የለም፤ እና መብራቱንም አብረው ዘረጉት። ሽቦው ያልበቃበት ላይ ሌላ ሽቦ ቀጠሉ። የተቀጠለውን በፌስታል ጠቀለሉት፣ ፌስታሉን በክር አሰሩት፣ ክሩ እንዳይፈታ ሰም አቀለጡበት። ሲያልቅ አምፖሉ በራ። እልል ተባለ፣ ጠላ ተጠጣ። እንግዲህ በበራ አምፖል ላይ ማን ጥያቄ ያነሳል?

ቫልቮላ የሚሏት ነገር አለች፤ መብራቱ ሲበረታ ራሷ ተቃጥላ ቤቱን የምታድን። የኛዋ በየጊዜው ትቃጠል ነበር። አባቴ ሰለቻቸውና ነቅለው ጣሏት፤ በቦታዋ ምስማር አስገቡበት። «ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ተቃጥሎ አያውቅም» ይሉ ነበር፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። እውነታቸውን ነው። ምስማር አይቃጠልም፤ የሚቃጠለው ቤቱ ነው።

በኋላ ሁለቱ ሽማግሎች በድንበር ተጣሉ። በሁለቱ ግቢ መሀል የምታልፍ አንዲት የውሃ ቦይ አለች። ቦይዋ የማን ናት? አባቴ የኔ ናት ይላሉ፣ አያ ታከለም የኔ ናት ይላሉ፤ ውሃው ግን ማንንም ሳይጠይቅ ይወርዳል። ሰላምታ ቀረ። አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይማርህ እስከማይለው ድረስ ተካረሩ። ሽቦውን የዘረጋ ሰው ደጃችን መድረስ አቆመ፤ ሽቦው ግን እንደተዘረጋ ቀረ።

እናቴ ከግድግዳው ጋር መኖር ለምዳ ነበር። የፕላስቲክ ጫማዋን ሳታደርግ ማድ ቤት አትገባም። ስትንቀሳቀስ እጆቿን ጎኗ ላይ ሰብስባ ነው፣ በእሾህ አጥር ቀዳዳ እንደምትሾልክ። ጠዋት ጠዋት በእንጨት ማማሰያ ቆርቆሮውን መታ መታ ታደርገዋለች። ምን እንደሚነግራት እንጃ፤ ብቻ ከዚያ በኋላ ትፈርዳለች። «ዛሬ ደህና አድሯል» ትላለች፣ ወይም «ዛሬ ከፍቶታል፣ እንዳትቀርቡ።» ስለ አባቴም እንዲሁ ስለምትናገር አንዳንዴ ስለማን እንደሆነ ግራ ይገባን ነበር።

ይህ ሁሉ የሚቻል ነበር። ነገር የመጣው ከፍሪጁ ጋር ነው። እህቴ ይመኙሻል ዱባይ ሠርታ ተመልሳ አሁን ደብረ ታቦር ከተማ ነው የምትኖረው። ለእናቷ ፍሪጅ ገዝታ ላከች። አባቴ ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ምን ያደርጋል ይሄ?» አሉ።

«ያቀዘቅዛል።»

ቀና ብለው ጉናን አዩ። ጋቢያቸውን ወደ ጆሯቸው ሳብ አደረጉ። «እዚህ ቁጭ ብሎ ብርድ የሚገዛ ልጅ ወለድሁ እንግዲህ» አሉና ወደ በሬዎቻቸው ሄዱ።

ፍሪጁ ከተሰካ ወዲህ ግድግዳው ሌላ አመል አወጣ። ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ትንሽ ካፊያ በጣለበት ቀን፣ እናቴ ድስት ልታነሳ ዞር ስትል ክርኗ ቆርቆሮውን ነካ። እንደ ወትሮው ቆንጥጦ አለቀቃትም፤ ያዛት። ያዛትና ወረወራት። ግራ እጇ ደንዝዞ ዋለ። እኔ ከከተማ ስመጣ «ትንሽ ገፋ አደረገኝ» ነው ያለችኝ። እናቴ ሰማይ ቢደፋባት «ትንሽ ዳመነ» የምትል ሴት ናት። ስለዚህ ገፋ አደረገኝ ስትል ከሞት እንደተረፈች ገባኝ። ማታውኑ ይመኙሻል ደወለችልኝ። «ክረምቱ ሊገባ ነው» አለች። «ግድግዳው እንደዚህ እያለ ዝናብ ከጀመረ እማን አናገኛትም። አንድ ነገር ብትሆን የማውቀው አንተን ነው።»

እኔ ደብረ ታቦር ባጃጅ ነጂ ነኝ። ባጃጅ ደግሞ ሽቦ አለው። አንድ ጊዜ ጥሩምባዬ ተበላሽቶ ራሴ ሠርቼዋለሁ። እርግጥ ከዚያ ወዲህ የሚጮኸው ፍሬን ስይዝ ነው፤ ግን ይጮኻል። በዚህ ሙያዬ ተማምኜ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ካቻቢቴ ይዤ ሄድሁ። ሽቦ ከመንካት በፊት መብራቱ መጥፋት እንዳለበት አላጣሁትም። ማጥፊያው ምስማሩን መንቀል ነው። ምስማሩን በምን ልንቀለው? በካቻቢቴ። የካቻቢቴዬ እጀታ ተሰንጥቆ ሳለ፣ እንዳይወልቅ ብዬ በምን አስሬው ነበር መሰላችሁ? በሽቦ።

ራሴን ያገኘሁት እናቴ ፀሐይ ላይ ያሰጣችው ብቅል መሀል ቁጭ ብዬ ነው። ፀጉሬ ላይ ብቅል፣ አንገቴ ሥር ብቅል፣ አፌ ውስጥ ብቅል። አባቴ ድምፁን ሰምተው ወጡ። እኔን አዩ፣ ብቅሉን አዩ።

«ከብቅሉ ላይ ተነስ» አሉ።

እናቴ ግን ከመጀመሪያውም የራሷ ሐሳብ ነበራት። ግድግዳ በተፈጥሮው ሰው አይዝም፤ ሰው የሚይዝ ሌላ ነገር ነው። ጸበል አምጥታ፣ አማትባ፣ ቆርቆሮውን ከላይ እስከ ታች ረጨችው። ውሃው አንዱ የላላ ሽቦ ላይ ደረሰ መሰለኝ፣ ግድግዳው ቸስ አለ፣ ብልጭ አለ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉ ከክረምት የባሰ ሲነዝር ዋለ።

«አላልኋችሁም?» አለች እናቴ። «ጸበል ሲነካው ጮኸ።»

ምን ብዬ ልከራከር? ነገሩን በዓይኔ አይቻለሁ። ሰፈሩም ያላንዳች ክርክር ተቀበለው። እናም የንስሐ አባታችን ቄስ ፈንታ ተጠሩ።

ቄስ ፈንታ ሰው የሚወዱ፣ ጨዋታ አዋቂ አባት ናቸው። መጡ፣ ተቀመጡ፣ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ሰሙ። ከዚያ ተነስተው ማድ ቤት ገቡ። ጸሎቱን በግዕዝ እያዜሙ ወደ ቆርቆሮው ቀረቡ። በእጃቸው የያዙት መስቀል የብረት መሆኑን ያስተዋልሁት ክንዳቸውን ሲዘረጉ ነው። «አባ፣ ብረት ነው» ብዬ ሳልጨርስ መስቀሉ ግድግዳውን ነካ። ቄስ ፈንታ በግዕዝ የጀመሩትን በአማርኛ ጨረሱት።

ስንደግፋቸው እጃቸውን እያራገፉ ቁጭ አሉ። ጥምጥማቸውን ቀና አደረጉ።

«ልጆቼ» አሉ፣ «ሰይጣን መስቀል ሲያይ ይሸሻል እንጂ መስቀል ይዞ አይጎትትም። ይሄ የኔ አይደለም። የመብራት ሠራተኛ ጥሩ።»

እንደተባለው አደረግሁ። ከደብረ ታቦር ሞላ የሚባል የመብራት ሠራተኛ በባጃጄ ጭኜ መጣሁ። ሞላ ሥራውን ይችላል፤ ችሎታውንም ሳትጠይቀው እሱ ይነግርሃል። ጥቁር መነጽር አድርጓል፣ ወገቡ ላይ የዕቃ ቀበቶ አለው፣ ሲራመድ ይንኳኳል። ረዘም ያለ የመዳብ ዘንግ በባጃጁ መስኮት አስወጥቶ ይዞ ስለመጣ መንገድ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ገለል እያለልን ነው የደረስነው።

አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ሰላም ፋዘር» አለ ሞላ። «ፌዙ የቱ ጋ ነው?»

አባቴ ቀና ብለው አዩት። «እኔ ቤት ፌዝ የለም» አሉ።

«አለ እንጂ ፋዘር። ፌዝ ከሌለ ቤቱ በምን ይበራል?»

«ቤቴ ድረስ መጥቶ የሚያፌዝብኝ ይሄ የማን ልጅ ነው?» አሉ አባቴ ወደ እኔ ዞረው።

«አባ፣ ፌዝ የሚለው ሽቦውን ነው። እሳት የሚሸከመውን ሽቦ እነሱ ፌዝ ነው የሚሉት።»

«ታዲያ ሽቦ አይልም?»

ሞላ ቆጣሪው ሥር ሄዶ ምስማሩን ሲያይ መነጽሩን አወለቀ። «ይሄን ያስገባው ማነው?» አለ። «እኔ ነኝ» አሉ አባቴ፣ ሽልማት እንደሚጠብቅ ሰው። ሞላ መነጽሩን መልሶ አደረገና ጣሪያው ሥር ወጣ። ከላይ ፉጨቱ ይሰማናል። አንድ ጊዜ ያፏጫል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ረዘም አድርጎ ያፏጫል። በእያንዳንዱ ፉጨት የእናቴ ፊት ይለዋወጣል። መጨረሻ ላይ ወረደ። የተላጠ ሽቦ ቆርቆሮው ላይ መተኛቱን ነገረን፣ ሽቦው ሁሉ መውጣት እንዳለበት ነገረን፣ ከዚያ እጁን እየጠረገ ነገሩን ደመደመ።

«ዋናው ችግር ግን ፋዘር፣ ይሄ ቤት መሬት የለውም።»

በኛ አገር ለገበሬ ብዙ ነገር ማለት ይቻላል። ልጅህ ሰነፍ ነው ማለት ይቻላል፤ በተለይ ለአባቴ፣ ይስማማሉ። በሬህ ከስቷል ማለትም ይቻላል፣ ከተራራቁ በኋላ። መሬት የለህም ግን አይባልም። አባቴ ተነሱ። ዱላቸውን አነሱ። ሞላ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ እኔ ሁለት።

«ተከተለኝ» አሉት።

መሬታቸውን ሊያሳዩት ነው። ዘንጉን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ይዘውት ወጡ። ከኮሶው ዛፍ ጀመሩ። «ይሄ የኔ ነው። ያባቴ ነበር። ከዚህ እስከዚያ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ እስከ ድንጋዩ ካብ። ገብሱን ታያለህ? የኔ ገብስ ነው። አየር ላይ አልበቀለም።» ሞላ «ፋዘር፣ እኔ እኮ የምለው…» ይላል፤ እሳቸው «ገና አላለቀም» ብለው ወደ ድንች ማሳው ይነዱታል። እኔ ማስረዳት ነበረብኝ፤ ሞላ መሬት የሚለው መብራቱ ወደ አፈር የሚወርድበትን ሽቦ ነው። እንዳልናገር ግን ሳቅ ይዞኛል፤ እንዳልስቅ ደግሞ ዱላው አለ።

የሚገርመው ሞላም መሄዱን አልጠላውም። ለዘንጉ ርጥብ ቦታ ይፈልግ ስለነበር በየደረሰበት አፈሩን በጫማው ይጫናል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ያልፋል። አባቴ መሬታቸው እየተናቀ መሰላቸውና እርምጃቸውን አፈጠኑ። እንዲህ እንዲህ እያልን ያቺ የድንበር ቦይ ጋ ደረስን። የሞላ ጫማ ጭቃው ውስጥ ስምጥ አለ። ፊቱ በራ።

«ይሄው መሬት» አለ።

«ገና አሁን ገባህ?» አሉ አባቴ፣ ቁጣቸው በርዶ።

ሞላ ዘንጉን ከትከሻው አውርዶ ቦይዋ ዳር ቀጥ አድርጎ አቆመው። መዶሻውን አወጣ። ይህን ጊዜ ከወዲያ በኩል አያ ታከለ ሲሮጡ መጡ። ነጠላቸው መንገድ ላይ ቀርቷል።

«ችካል ነው የምትቸክሉ?» አሉ። «ከከተማ ሰው አስመጥተህ ድንበሬ ላይ ብረት ልታስቸክል? ጫኔ፣ እንዲህ ደረስህ?»

ጫኔ አባቴ ናቸው። ሁለቱ ከተጣሉ ወዲህ ሲነጋገሩ የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ የተነጋገሩትን ግን እዚህ አልጽፈውም። ቄስ ፈንታ ቢሰሙት ሁለቱንም ንስሐ ያስገቡ ነበር። በመሀሉ ከጉና በኩል ሰማዩ ጠቆረ፤ ነፋሱ ዝናብ ዝናብ መሽተት ጀመረ። እናቴ ጩኸቱን ሰምታ ማማሰያዋን እንደያዘች መጣች።

ሞላ ማስረዳት እንዳለበት ገባው። «ችካል አይደለም አባባ» አላቸው ለአያ ታከለ። «መብራት ሲሳሳት ወደ መሬት መውረድ ይፈልጋል። መውረጃ ካላገኘ በነካው ሰው በኩል ነው የሚወርደው። አሁን በማዘር በኩል እየወረደ ነው። ባለፈው ያዛቸው አይደል? ይሄ ዘንግ እንዲወርድበት ነው። ሽቦውን ሁሉ እለውጣለሁ፤ ግን ይሄ ካልገባ ነገ ሌላው ሽቦ ሲላጥ መልሶ ይይዛቸዋል። ያኔ መልቀቁን እንጃ።»

አያ ታከለ እናቴን አዩ። ግድግዳው እንደያዛት አልሰሙም ነበር፤ ማን ይነግራቸዋል? «በሷ በኩል?» አሉ፣ ቀስ ብለው።

«በሳቸው በኩል። የዘረጋው ሰው እኮ ደመኛ መሆን አለበት። ሽቦ በፌስታል፣ ፌስታል በሰም።»

ሁለቱም ሽማግሎች መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። ሞላ ምን እንዳጠፋ አልገባውም፤ እኔን ያያል። እኔ ደመናውን አያለሁ።

«ሰሙ የኔ ነው» አሉ አያ ታከለ። «ያሰርሁት እኔ ነኝ።»

«የለም፣ አንተ ያሰርኸውን እኔ ነኝ ቆርቆሮው ላይ ያስተኛሁት» አሉ አባቴ።

«ያላሰርሁት ቢሆን አይላጥም ነበር።»

«ምስማሩንስ አንተ አስገባኸው? ምስማሩ የኔ ነው።»

«ምስማሩን ተወው፣ ዋናው ማሰሩ ነው።»

«እንዴት እተወዋለሁ? በገዛ ምስማሬ ምን አገባህ?»

አንዱ ለሌላው አልለቅም አለ። ቦይዋን ሲከራከሩባት እንኳ እንዲህ አልጋሉም። ሞላ ዘንጉን እንደያዘ አንዱን ያያል፣ ሌላውን ያያል። የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ የሞላ መነጽር ላይ አረፈ። እናቴ በማማሰያዋ ዘንጉን ቋ አደረገችው።

«ድንበር መካፈል አቅቷችሁ ጥፋት ልትካፈሉ ነው?» አለች። «ዝናቡ መጣ። እኔ ዛሬም እዚያ ቤት ገብቼ ራት ልሠራላችሁ ነው። ቸንክሩት።»

አያ ታከለ መዶሻውን ከሞላ እጅ ወሰዱ። ቦይዋን ተሻገሩ። «ርጥበቱ ያለው በኔ በኩል ነው» አሉ። «እዚህ ይግባ።» አባቴ በሰው መሬት አላስቸክልም ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ እናቴን አዩና ዘጉት። ከዚያ ዘንጉን እሳቸው ያዙ፣ አያ ታከለ መቱ። እነሆ የቤታችን መሬት አያ ታከለ ግቢ ውስጥ ነው። አባቴ ያን ሁሉ ማሳ ለምን እንዳስዞሩን እስከ ዛሬ አልተናገሩም።

የቀረውን ሞላ ሠራው፤ ከዘንጉም እስከ ቤቱ ሽቦ ሳበ። አሮጌውን ሽቦ ነቅሎ አዲሱን በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገባ። ምስማሩን አውጥቶ፣ መብራት ሲሳሳት ራሱ የሚጠፋ ብሬከር ሰቀለ። ሁለቱ ሽማግሎች መሰላሉን ይዘውለት፣ እንዴት እንደሚሠራ እየነገሩት፣ እሱም «እሺ ፋዘር፣ እሺ አባባ» እያለ የፈለገውን እየሠራ ጨረሰ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። ሞላ መብራት ሲያገኝ በሚበራው ቴስተሩ ግድግዳውን ደጋግሞ ነካካው፣ አንድም ቦታ አልበራለትም።

«አለቀ» አለ። «ንኩት።»

አባቴ አያ ታከለን አዩ። አያ ታከለ እኔን አዩ። እኔ ፍሪጁን ማየት ጀመርሁ። እናቴ ማማሰያዋን አስቀመጠች። በመሀላችን አልፋ መዳፏን በሙሉ ቆርቆሮው ላይ አሳረፈች፣ ዓይኗን ጨፍና። ምንም አልሆነችም። እጇንም አላነሳችም።

«ይበርዳል» አለች። «ለካ ይበርዳል።»

እዚያ ማድ ቤት ውስጥ ነው ያረጀችው፤ ቆርቆሮ እንደሚበርድ ያወቀችው ግን ያን ቀን ነው። ሌላኛውን መዳፏንም አደረገች። ከዚያ ዞር አለችና ጀርባዋን ሰጠችው፣ ትከሻዋን ጣለች፣ ራሷንም አስደገፈች። ከንፈሯ ላይ ሳቅ መጣ። አባቴ ራት ስለ መድረሱ አንድ ነገር ሊጠይቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እስቲ ውጡልኝ» አለች። «ትንሽ ልደገፍበት።»